ሆድ የማይፈጀው ነገር

ማሽኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። መጀመሪያ ያጉረመርማል። ጣውላ ሲጎርስ ግን ድምፁ ይቀጥንና ጥርስ የሚያጠርስ ጩኸት ይሆናል። የምተኛበትን ክፍል ከአናጢው ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ጥቅምት ላይ ወደዚህ ሰፈር ተዛውሬ እስከ ግንቦት ድረስ፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ ቀኔ የተከፈተው በዚህ ድምፅ ነበር።

ጅማ ላይ አናጢ ጎረቤት ማግኘት የሚያስገርም አይደለም። ከተማዋ በቡናዋና በማሯ ብቻ ሳይሆን በእንጨት ሥራዋም ትታወቃለች። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ሰው ሲመለስ አንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ማስጫኑ የተለመደ ነው። ያስገረመኝ የራሴ ንዴት ነው። ማሽኑ የሚጮኸው ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ጩኸቱን እስከ ማታ ይዤው እውላለሁ። የባጃጁ ሾፌር ሌላ ተሳፋሪ እስኪመጣ ሲያስጠብቀኝ፣ ባለ ሱቋ ዝርዝር የለኝም ብላ በመልስ ፋንታ ማስቲካ ስትሰጠኝ፣ ወረፋ ላይ አንዱ በትከሻው ገፍቶኝ ሲያልፍ፣ ሁሉም የዚያ የጠዋት ጩኸት ቅጥያ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን ሦስተኛ ክፍል እያስተማርኩ ሳለ እርሳሱ የወደቀበትን ልጅ ጮህኩበት። ልጁ እርሳሱን አነሳ፤ ሁለት እጆቹን ዴስኩ ላይ አጣጥፎ ጸጥ አለ። ክፍሉም አብሮት ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በሰባቱ ወር ውስጥ ለአናጢው አንድ ቃል አልተናገርኩም። በአጥሩ ላይ አንገቴን ብቅ አድርጌ እንኳ አላየሁም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር እናቴ ያስተማረችኝን ነው፤ ሆድ ይፍጀው።

ባደግሁበት ቤት ይህ ቃል ከጨው እኩል ነበር። የጎረቤት ዶሮ ጎመናችንን ስትጭር፣ ዕቃ የተዋሰ ሰው ሳይመልስ ሲቀር፣ ለድግስ ሳንጠራ ስንቀር፣ እናቴ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ "ሆድ ይፍጀው" ትላለች። ቃሉ ብዙ ጠብ አስቀርቷል፤ አላቃልለውም። ሆድ ግን እህል እንጂ ነገር አይፈጭም። እናቴ ያንን የዶሮ ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ዶሮዋም፣ ጎመኑም፣ ባለ ዶሮዋም በሌሉበት፣ ከነቀኑ ታስታውሰው ነበር። ዋጠችው እንጂ አልተወችውም። መዋጥና መተው ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ሁለቱም ሰላምታ ይሰጣሉ። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። ሳል የያዘው ሌባ የቱንም ያህል በጣቱ ቢራመድ ሳሉ ያጋልጠዋል። የእኔ ሳል በአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ላይ፣ በወደቀ እርሳስ ምክንያት ወጣ።

ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ስፈልግ አንድ የቆየ ጥናት አገኘሁ። ሪቻርድ ላዛረስ የነበሩበት የበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪዎች ቡድን በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ 100 ሰዎችን ለወራት ተከታትለዋል። 117 የዕለት ተዕለት ብስጭቶች የተዘረዘሩበት መጠይቅ በየወሩ እየሰጡ የትኞቹ እንደገጠሟቸውና ምን ያህል እንደከበዷቸው ያስሞሏቸው ነበር። የሰዎቹን የሥነ ልቦና መታወክ ከትልልቆቹ የሕይወት ክስተቶች በተሻለ የጠቆሙት እነዚያ ጥቃቅን ብስጭቶች ሆነው ተገኙ።

መጀመሪያ ለማመን ከበደኝ። ቆይቼ የእኛን ኑሮ ሳስበው ገባኝ። ሐዘን ሲደርስብን እድር ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፤ የማናውቀው ሰው እንኳ ወንበር ስቦ አጠገባችን ይቀመጣል። ለትልቁ ነገር ሰው አለን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ለሚጮህ ማሽን ግን ድንኳን የሚተክል የለም፤ ለሰው ብንነግረውም ያሳፍራል። ስለዚህ ብቻችንን እንሸከመዋለን። ጥቃቅኑ ነገር የሚከብደው በክብደቱ ሳይሆን ለብቻ ስለሚያዝ ይመስለኛል።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ ዋናው መንገድ ላይ አውርዶኛል። ጃንጥላዬን ነፋስ ገልብጦታል። የአናጢውን በር ሳልፍ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ "እህቴ፣ ይግቡ! እስኪያባራ ይጠለሉ!" አሉኝ። የሰባት ወሩ ንዴት እግሬን ለአንድ አፍታ ያዘው። ዝናቡ ግን ገፋኝ፤ ገባሁ።

ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ ይሆናል። ራሳቸው የተቀመጡበትን በርጩማ አነሱና ሰጋቱራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ለእኔ አቀረቡልኝ። እሳቸው ግንድ ላይ ተቀመጡና ሥራቸውን ቀጠሉ። ጅማ ስኖር በርጩማ ላይ ያልተቀመጥኩበት ሳምንት የለም፤ ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ዋንዛ ነው። አንድ ድፍን ጉማጅ። ሦስቱ እግሮች ተለይተው ተሠርተው የሚገጠሙ ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ግን እግሩም መቀመጫውም ከዚያው ከአንዱ ጉማጅ ይወጣሉ፤ ሚስማር የለም፣ ሙጫ የለም። በመጥረቢያ የሚበዛውን ያነሳሉ፤ ከዚያ በመሮ በእግሮቹ መካከል ያለውን ሆድ ቀስ እያሉ ይፈለፍላሉ። አንዱ እግር በስህተት ከተነካ የሚጠገን ነገር የለም፤ ጉማጁ ማገዶ ይሆናል። የመቀመጫውን ጎድጓዳ በብርጭቆ ወረቀት እያሹ በየመሀሉ አውራ ጣታቸውን ያሳልፉበታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያሳልፉት። ሻካራውን ጣት እንጂ ዓይን አያገኘውም አሉኝ።

ዙሪያውን ስመለከት የግንድ ክምራቸው በእኔ አጥር በኩል ባለው ጎኑ ላስቲክ ለብሷል፤ በሌሎቹ ጎኖች ግን አልለበሰም። አየሁት፤ አልጠየቅሁም።

"የት ነው የሚኖሩት?" አሉኝ።

"እዚሁ፣ ከአጥሩ ማዶ።"

"አስተማሪዋ ነዎት?"

"አዎ።" ከዚያ ሳላስበው ቀጠልኩ፤ "ጋሼ፣ ማሽንዎ ጠዋት ጠዋት ይቀሰቅሰኛል።"

መሮውን አስቀመጡ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥቅምት።"

"ሰባት ወር!" አሉ፤ በእውነት ደነገጡ። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሳስበው የለኝም። እሳቸው ግን ነገሩኝ። ቀን ቀን የመብራቱ ኃይል ይዋዥቃል፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተቃጥሎባቸው ማስጠቅለያው የወር ገቢያቸውን ወስዷል። ጠዋት ማለዳ ኃይሉ ጠንካራ ነው። ጣውላውን ያን ጊዜ ሰንጥቀው ቀኑን ሙሉ በእጅ ይሠራሉ። ትንሽ አሰቡና "ቅዳሜና እሁድ ከ2 ሰዓት በፊት አላስነሳም፤ በሥራ ቀን ግን አልችልም" አሉ። ተስማማን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ማባራቱን ያየሁት ግን ቆይቼ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ያበሳጨን ሰው መጨረሻ ላይ ከባድ ሐዘን ተሸክሞ ይገኛል፤ እኛም እናዝንለታለን፤ ንዴታችንም በሐዘኔታ ይለወጣል። እኔ ይህን አካሄድ አልወደውም። አናጢው የተደበቀ ሐዘን የለባቸውም። የሚሳሱለት ሞተር ነው ያላቸው፤ እሱም በቂ ምክንያት ነው። ሰው ልንታገሠው ዘንድ የግድ መከራ ሊኖርበት አይገባም። ፊት ሊኖረው ግን ይገባል። ከአጥሩ ማዶ ሰባት ወር ሙሉ የነበረው ለእኔ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ፊት አልነበረውም። ፊት የሌለውን ነገር መጥላት ቀላል ነው።

አሁንም በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ማሽኑ ይነሳል። እነቃለሁ። ዋንዛ ሲሆን ድምፁ ለስለስ ይላል፤ ባሕር ዛፍ ሲሆን ይጮኻል። ይህን መለየት ችያለሁ። አንዳንድ ቀን መልሶ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አንዳንድ ቀን ተነስቼ ቡና አፈላለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል ሲመላለስብኝ ሰነበተ፤ "እንግዳ" የሚለው። የማላውቀው ሰው እንግዳ ነው። ቤቴ የመጣው፣ ወንበር የምስብለት፣ ቡና የምቀዳለትም እንግዳ ነው። ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ቃል ሰጥቷቸዋል። የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ደጃፍ ቆሞ "የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ" ብሎ ሲጣራ፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት የማይታወቅ ሰው ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ተጋባዥ ነው። በመካከል የተለወጠው በሩ ብቻ ነው፤ ቃሉ አልተለወጠም።

ጅማም ብትሆን በእንግዳ የተሠራች ከተማ ናት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል። በዘመናቸው ሂርማታ ላይ የሚቆመው የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴዎችን ይስብ ነበር፤ ቋንቋው፣ ልብሱ፣ ሃይማኖቱ የተለያየ ሰው እዚያ ይገናኛል። ያ ገበያ ሰውም የተሸጠበት ነው፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ እንግዳን ሁሉ በቡና የተቀበለ ዘመን አልነበረም። ዛሬ ግን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የማዘወትራት ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አንዱን "አካም ቡልተ"፣ ሌላውን "አሰላሙ አለይኩም"፣ ሦስተኛውን "እንዴት አደሩ" ብላ ተቀብላ፣ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ ዳውሮውን፣ የሙን፣ ጉራጌውን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ቦታ ሲጠብ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ትላለች። ይጠጋሉ። አንድ ሲኒ እስኪጠጣ ትከሻ ለትከሻ የተነካኩ ሰዎች ሳይነጋገሩ ሲነሱ አላየሁም።

ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዘመድ ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ወልቂጤ ላይ አንዲት እናት ተሳፈሩና በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ ጭናቸው ላይ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ወደ ጊቤ በረሃ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ መጣ። በዚህ መንገድ የተጓዘ ሁሉ የመስኮቱን ጠብ ያውቀዋል፤ ግማሹ ታፈንኩ ይላል፣ ግማሹ ነፋስ ይመታኛል ይላል፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው።

"እማማ፣ ትንሽ ብንከፍተው?"

"አይሆንም የኔ ልጅ፣ ነፋስ ይመታኛል።"

ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ፊቴን አዙሬ እስከ ጅማ ድረስ ላቤን እየጠረግሁ እኒያን ሴት እጠላቸው ነበር። አሁን ግን የአናጢው "ለምን አልነገሩኝም" አብሮኝ ተሳፍሯል። ስለ መስኮቱ መልሼ አላነሳሁም። "ወዴት ነው የሚሄዱት?" አልኳቸው። ሰኮሩ ነው። ልጃቸው ወልዳለች፤ የበኩር ልጇ ነው። ኮባ ውስጥ ያለው ቡላ ነው፤ ለአራሷ ገንፎ። ቡላ እንዴት እንደሚገነፋ፣ ቅቤው መቼ እንደሚገባ፣ እሳቱ ለምን መብዛት እንደሌለበት ሲነግሩኝ ቁልቁለቱ አለቀ። ከቋጠሯቸው ዳቦ አወጡና ለሁለት ከፍለው "እንብላ" አሉኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናነቡ፤ እጃቸውን ዘርግተው መስኮቱን አራት ጣት ያህል ከፈቱትና ዞር ብለው አዩኝ።

"ይበቃሻል?"

"ይበቃኛል።"

አራት ጣት መስኮት ለጊቤ ሙቀት በቂ አይደለም። እኔን ግን በቃኝ፤ ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም።

ቺካጎ ውስጥ ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በትክክል ስለዚህ ወንበር ነው። በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎችን ወስደው ከፊሉን አጠገባችሁ ካለው ከማታውቁት ሰው ጋር ተነጋገሩ፣ ከፊሉን ብቻችሁን ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ የቀሩትን እንደ ወትሯችሁ ሁኑ አሏቸው። አስቀድመው ገምቱ የተባሉ ሰዎች ጉዞው ደስ የሚለው ብቻውን ለተቀመጠው ነው ብለው ነበር። የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ ያወሩት ጉዞውን ወደዱት። ሰዎቹን ያሳሳታቸው ሌላው ሰው ማውራት አይፈልግም ብለው መገመታቸው ነው። እሱም ስለ እነሱ ይህንኑ ይገምታል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርስ "አይፈልገኝም" እየተባባሉ ይጓዛሉ። "እንብላ" ሳይሉ መጉረስ ነውር በሆነበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ለማወቅ ጥናት ባላስፈለገን ነበር። ግን የእኛም አውቶቡስ እየተለወጠ ነው። በዚያ ጉዞ ከፊቴ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ነበር።

ሁልጊዜ አይሳካም። ከዚያ በኋላ ባጃጅ ውስጥ አንድ ወጣት ሰላም ብዬ ወዴት እንደሚሄድ ብጠይቀው "ወደ ሥራ" ብሎ ፊቱን አዞረ። መብቱ ነው። ሰው ዝም ማለት የሚፈልግበት ቀን አለው።

ደግሞም ሁሉም ነገር ጥቃቅን አይደለም። ሴት ተማሪዎቻችንን መንገድ ላይ የሚለክፈው፣ ሚዛን የሚሰርቀው፣ ለሚገባኝ አገልግሎት እጁን የሚዘረጋው፣ እነዚህን እለፊያቸው ቢለኝ ማንንም አልሰማም። እንዲህ ያለውን በደል በስሙ መጥራት ያስፈልጋል፤ "ሆድ ይፍጀው" ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። የባጃጁ ሾፌር ግን ሌላ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ንቆኝ ሳይሆን በአንድ ሰው ሒሳብ ነዳጁ ስለማይሸፈን ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት አጭቄ መኖሬ ይቆጨኛል፤ በትንሹ ላይ ስጮህ ለትልቁ ድምፅ አጥቼ ነበር።

ወደ አናጢው ልመለስ። ከግንቦት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ፣ ቡና አብረን እንጠጣ ጀመር። አንዴ እኔ አፈላለሁ፣ አንዴ ባለቤታቸው። በሦስተኛው ሳምንት "እርስዎ" ማለታቸውን ትተው "አንቺ" አሉኝ፤ ደስ አለኝ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቶናው ተቀድቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ዓይኔ ያ ላስቲክ ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ ይህ ላስቲክ በዚህ በኩል ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?"

ሲኒያቸውን እፍ አሉበት። ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩዋቸው። ትንሽ ቆይተው በአገጫቸው ወደ አጥሩ ጠቆሙኝ። ተነስቼ አየሁ። እኔ የምኖርበት ቤት ጣሪያ በዚያ ጎኑ አሸንዳ የለውም። የጣሪያው ውኃ ሁሉ አጥሩን ተሻግሮ የሚወርደው ለበርጩማ እንዲደርቅ በተከመረው ዋንዛ ላይ ነው። ላስቲኩ በሁለት ቦታ ተቀዷል። ከሥሩ ያሉት ጉማጆች ጠቁረዋል፤ አንዱ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶበታል። ርጥብ ጉማጅ ተጠርቦ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

"ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከአንቺም በፊት ነው። ሦስተኛ ክረምቱ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" ከአፌ ከወጣ በኋላ ቃሉን አወቅሁት።

"ሆድ ይፍጀው ብዬ ነዋ፣ ልጄ" አሉ።

በማግስቱ አከራዬን አነጋገርኩ፤ ወጪውን በግማሽ ልንካፈል ተስማማን። አሸንዳውን ከቆርቆሮ ቤት ያስቆረጥነው ከአናጢው ጋር አብረን ሄደን ነው። የሰቀሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ውኃው እንዳይተኛ ወደ በርሜሉ ያለው ጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ ማለት አለበት አሉና በጣታቸው ለክተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አስተካከሉት። ሚስማሩን ከመምታታቸው በፊት "ልክ ነው?" ብለው ጠየቁኝ፤ ከታች ሆኜ አይቼ "ትንሽ ወደ ላይ" አልኳቸው።

ዝናቡ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። በረንዳው ላይ ቆሜ ውኃው በአሸንዳው ውስጥ እየተንኳለለ ወርዶ በርሜሉን ሲመታ ሰማሁ፤ መጀመሪያ እንደ ከበሮ፣ በርሜሉ ሲሞላ ደግሞ ወፍራም። ከአጥሩ ማዶ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ። አናጢው ዝናቡ ሳያባራ ገፈው እያጣጠፉት ነበር።